ስለ ቶም ብሬዲ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የአሜሪካ ፉትቦል የማይከታተል ሰው እንኳ ቶም ብሬዲ የሚለውን ስም የሆነ ቦታ ሰምቶታል። አሜሪካ ያሉ ዘመዶቻችን ያወሩታል። ዩቲዩብ ላይ ሳትፈልጉት ይመጣል። የእንግሊዝ ኳስ ለሚከታተል ደግሞ በበርሚንግሃም ሲቲ በኩል ብቅ ብሏል። ሰዎች ስለሱ ደጋግመው የሚጠይቁትን እነሆ ሰብስበናል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለመሆኑ ቶም ብሬዲ ማን ነው?

በአሜሪካ ፉትቦል ሊግ፣ በኤንኤፍኤል፣ 23 የውድድር ዘመን የተጫወተ ኳርተርባክ ነው። 20ውን ለኒው ኢንግላንድ ፓትሪየትስ፣ የመጨረሻዎቹን ሦስት ለታምፓ ቤይ ባካኒርስ ተጫውቷል። ሱፐር ቦውል የሚባለውን የፍጻሜ ጨዋታ 10 ጊዜ ደርሶ 7 ጊዜ አሸንፏል። እሱ ጫማውን ሲሰቅል ከሊጉ 32 ክለቦች አንዱም ሰባት ዋንጫ አልነበረውም። ፓትሪየትስና ፒትስበርግ ስቲለርስ ስድስት ስድስት ነበራቸው። የፓትሪየትስ ስድስቱም ቢሆኑ እሱ እያለ የመጡ ናቸው።

ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም። ኳርተርባክ ምን ይሠራል?

በአጭሩ እንሞክር። በእያንዳንዱ ወገን 11 ተጫዋች ሜዳ ላይ አለ። ኳሱን የያዘው ቡድን አራት ሙከራ ይሰጠዋል። በአራቱ ውስጥ ቢያንስ 10 ያርድ፣ ማለትም 9 ሜትር ገደማ፣ ወደፊት መሄድ አለበት። ከሄደ አዲስ አራት ሙከራ ያገኛል። ካልሄደ ኳሱ ለተጋጣሚ ነው። ኳሱን ይዞ የመጨረሻውን መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብ ያስገኛል። በእግር መትቶ በምሰሶዎቹ መካከል ማሳለፍ ደግሞ ሦስት ነጥብ።

ኳርተርባኩ ኳሱን በእጁ ተቀብሎ የሚወስነው ሰው ነው። ይወርውር? ለሯጩ ያቀብል? ለማን? ይህን ሁሉ ለመወሰን ሦስት ሰከንድ ገደማ ቢኖረው ነው። ከዚያ በኋላ 120 ኪሎ የሚመዝን ሰው ላዩ ላይ ይወድቃል።

ብሬዲን ብሬዲ ያደረገው እዚህ ጋ ነው። ሯጭ አልነበረም። ክንዱም ጥሩ ቢሆን እንጂ ጉድ የሚያሰኝ አልነበረም። ጨዋታው ገና ሳይጀመር ተከላካዮቹ እንዴት እንደቆሙ አይቶ ኳሱ የት መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ስለዚህ ቶሎ ይለቀዋል። ጨዋታዎቹን መለስ ብላችሁ ስታዩ እጁን ትታችሁ ጭንቅላቱን ተከታተሉ። ወደ ግራ ያያል፣ ይጮሃል፣ በጣቱ ይጠቁማል፣ ጓደኞቹን ቦታ ያቀያይራል። ግማሹ ሥራ እዚያ ላይ ያልቃል።

ልጅነቱ የት ነው?

ነሐሴ 3 ቀን 1977 በካሊፎርኒያ ግዛት፣ በሳን ማቴዮ ከተማ ተወለደ። ሦስት ታላላቅ እህቶች አሉት። ሦስቱም ስፖርተኞች ነበሩ። በቤቱ ውስጥ ቶሚ ታናሹ እንጂ ኮከቡ አልነበረም።

የልጅነት ክለቡ ሳን ፍራንሲስኮ ፎርቲናይነርስ፣ ጀግናው ደግሞ ጆ ሞንታና ነው። በጥር 1982 ድዋይት ክላርክ ከሞንታና የተወረወረለትን ኳስ ዘሎ በጣቶቹ ጫፍ ሲይዝ፣ የአራት ዓመቱ ብሬዲ ከወላጆቹ ጋር ስታዲየም ነበር። አሜሪካውያን ያንን ቅጽበት እስከ ዛሬ ያነሳሉ።

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲገባ የታዳጊዎቹ ቡድን በዓመቱ አንድም ጨዋታ አላሸነፈም። ብሬዲ የዚያ ቡድን ተጠባባቂ ነበር። አልተሰለፈም። እንዲህ ካለ ቡድን ወንበር ላይ ተነስቶ የት እንደደረሰ ሲታይ ያስቃል። ቤዝቦልም ይጫወት ነበር። በ1995 ሞንትሪያል ኤክስፖስ የተባለው ክለብ መርጦታል፤ እሱ ግን ፉትቦልን ይዞ ወደ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሄደ።

እውነት ሲጀምር ማንም አልፈለገውም ነበር?

ትንሽ የተጋነነ ነው፤ ግን ሩቅ አይደለም። ሚሺጋን ሲደርስ በኳርተርባኮች ተራ ሰባተኛ ነበር። ሦስት ዓመት ወንበር አሞቀ። ተራው ደርሶ መሰለፍ ሲጀምር ደግሞ ድሩ ሄንሰን የሚባል፣ ሁሉም ሰው ያበደለት ወጣት መጣ። በ1999 አሰልጣኙ ሎይድ ካር አንድ ዘዴ አመጡ። የመጀመሪያውን ሩብ ብሬዲ ይጫወታል፣ ሁለተኛውን ሄንሰን። ከእረፍት በኋላ የሚቀጥለው የተሻለው ነው። በየሳምንቱ ፈተና ማለት ነው። ብሬዲ ቀስ እያለ ቦታውን አስከበረ። የዩኒቨርሲቲ ዘመኑን የጨረሰውም ጥር 1 ቀን 2000 ኦሬንጅ ቦውል በሚባለው የዩኒቨርሲቲዎች ጨዋታ፣ አላባማን በጭማሪ ሰዓት 35 ለ34 በማሸነፍ ነው። በዚያ ቀን ታችዳውን የሆኑ አራት ኳሶች ወርውሯል።

ከዚያ ድራፍቱ መጣ። ድራፍት ክለቦች ከዩኒቨርሲቲ የሚወጡ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ከድራፍቱ በፊት ልጆቹ ይለካሉ፣ ይሮጣሉ፣ ይዘላሉ። ብሬዲ 40 ያርድ፣ ማለትም 36 ሜትር ተኩል ገደማ፣ ለመሮጥ 5.28 ሰከንድ ፈጀበት። ለዚህ ሊግ ቀርፋፋ ነው። በዚያ ሰሞን የተነሳው ፎቶ እስከ ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ግራጫ ቁምጣ፣ ባዶ ደረት፣ ጡንቻ የሚባል ነገር ብዙም አይታይበትም። ይሄ ሰው ወደፊት ሰባት ዋንጫ ያነሳል ብሎ የሚወራረድ ሰው አይገኝም ነበር።

ስድስት ኳርተርባኮች ቀድመውት ተመረጡ። ከሁሉም ያመመው ፎርቲናይነርስ ነው። የልጅነት ክለቡ ኳርተርባክ ይፈልግ ነበር፤ በሦስተኛው ዙር ጆቫኒ ካርማዚን ወሰደ። ካርማዚ በኤንኤፍኤል መደበኛ ውድድር አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ ቀረ። ብሬዲ በስድስተኛው ዙር፣ በ199ኛ ተራ፣ በፓትሪየትስ ተጠራ። ከዓመታት በኋላ ያንን ቀን ካሜራ ፊት ሲያወራ እንባው መጥቶበታል። ሚሊየነር ከሆነ በኋላ ማለት ነው። ቁጭቱ አልወጣለትም።

የክለቡ ባለቤት ሮበርት ክራፍት የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። አዲሱ ልጅ ፒዛ ይዞ በአሮጌው ስታዲየም ደረጃ ሲወርድ አገኛቸውና ራሱን አስተዋወቀ። «አውቅሃለሁ፣ የስድስተኛው ዙር ምርጫችን ነህ» አሉት። እሱም ክለቡ ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው እኔን መምረጡ ነው አላቸው። በመጀመሪያው ዓመት ሦስት ኳስ ወርውሮ አንዷ ብቻ ተያዘችለት።

ታዲያ እንዴት ቋሚ ተሰላፊ ሆነ?

በሰው ጉዳት። የፓትሪየትስ ኳርተርባክ ድሩ ብሌድሶ በመጋቢት 2001 የ10 ዓመት ውል ፈርሞ ነበር። ዋጋው 103 ሚሊዮን ዶላር። ማንም የሚነካው አይመስልም። መስከረም 23 የኒው ዮርክ ጄትሱ ሞ ሉዊስ ከመስመር ዳር አገኘውና መታው። ብሌድሶ ደረቱ ውስጥ ደም ፈሶት ለሕይወቱ ያሰጋ ነበር። ብሬዲ ገባ። ከዚያ በኋላ ቦታውን ለብሌድሶ አልለቀቀም።

ጥር 2002 ላይ በበረዶ ውስጥ ከኦክላንድ ሬይደርስ ጋር ተገናኙ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ቻርልስ ዉድሰን ብሬዲን መታውና ኳሷ ከእጁ ወደቀች። ሬይደርሶች አነሷት። አለቀ ተባለ። ዳኞቹ ቪዲዮውን አይተው ወረወረ እንጂ አልጣለም አሉ። እስከዚያ ቀን ብዙ ሰው ሰምቶት የማያውቀው ሕግ ነው፤ በ2013 ተሰርዟል። የሬይደርስ ደጋፊ ዛሬም ስሙን ስትጠሩበት ፊቱ ይለዋወጣል፤ አይፈረድበትም። ፓትሪየትስ በጭማሪ ሰዓት 16 ለ13 አሸነፉ።

ቀጥሎ ፒትስበርግ ላይ ብሬዲ ቁርጭምጭሚቱን ተጎድቶ ወጣ። ተክቶ የገባው ማን ነው? ያው ብሌድሶ። ታችዳውን ወርውሮ ቡድኑን ወደ ሱፐር ቦውል አሻገረው። የዋንጫውን ጨዋታ ግን ብሬዲ ነው የተሰለፈው። የብሌድሶ ድርሻ ሲነገር ብዙም አይሰማም፤ ሊነገር ይገባል።

በፍጻሜው ሴንት ሉዊስ ራምስ በሰፊው እንደሚያሸንፉ ተገምቶ ነበር። 17 ለ17 ሆነው 1 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ ቀረ። ፓትሪየትስ ሰዓት ማስቆሚያ እረፍታቸውን ጨርሰዋል። ኳሱ ያለው በራሳቸው 17 ያርድ ላይ፣ ማለትም ከራሳቸው የመጨረሻ መስመር 17 ያርድ ብቻ ርቆ ነው። የቴሌቪዥኑ ተንታኝ ጆን ማደን አደጋ ውስጥ አይግቡ፣ ለጭማሪ ሰዓት ይጫወቱ አሉ። ብሬዲ አጭር አጭር ኳስ ይወረውር ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ከዚያ ለትሮይ ብራውን 23 ያርድ። ማደን በቀጥታ ስርጭት ላይ አስተያየታቸውን ቀየሩ። 7 ሰከንድ ሲቀር ሰዓቱን ለማስቆም ኳሱን መሬት ላይ አነጠረው። ነጥሮ ሲመለስ በእጁ ቀለብ አደረገው። በዚያ ሰዓት፣ በዚያ ጭንቀት። አደም ቪናቴሪ ከ48 ያርድ መትቶ አገባ። 20 ለ17። ብሬዲ 24 ዓመቱ ነበር።

ሰባቱ ዋንጫዎች የትኞቹ ናቸው?

ያሸነፋቸው ቡድኖች እነዚህ ናቸው፦ በየካቲት 2002 ራምስ፣ በ2004 ካሮላይና ፓንተርስ፣ በ2005 ፊላደልፊያ ኢግልስ፣ በ2015 ሲያትል ሲሃውክስ፣ በ2017 አትላንታ ፋልከንስ፣ በ2019 እንደገና ራምስ፣ በ2021 ካንሳስ ሲቲ ቺፍስ። የመጨረሻው በታምፓ ቤይ ማልያ ነው።

የተሸነፋቸውም ሦስት ናቸው። ሁለቱ በኒው ዮርክ ጃይንትስ፣ አንዱ በኢግልስ። በ2007 የውድድር ዘመን ፓትሪየትስ 18 ጨዋታ ሳይሸነፉ ፍጻሜ ደረሱ። ብሬዲ 50 ታችዳውን ወርውሮ ነበር፤ 23ቱን የያዘው ራንዲ ሞስ ነው። ከዚያ ጃይንትስ 17 ለ14 አሸነፏቸው። በ2018 በኢግልስ ሲሸነፍ ደግሞ 505 ያርድ ወርውሯል፤ በወረወራቸው ኳሶች ቡድኑ ያን ያህል ወደፊት ሄዷል ማለት ነው። አንዳንዴ እንዲህ ነው።

ሁሉም ሰው «28 ለ3» የሚለው ምንድን ነው?

የካቲት 5 ቀን 2017፣ ሂዩስተን፣ የፓትሪየትስና የአትላንታ ፋልከንስ ሱፐር ቦውል። በኢትዮጵያ ሰዓት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚጀምር ጨዋታ ነው፤ እንቅልፉን ሰውቶ ለሚያይ ሰው ደግሞ የመጀመሪያው አጋማሽ ቅጣት ነበር። ከእረፍት በፊት ሮበርት አልፎርድ የብሬዲን ኳስ ነጥቆ 82 ያርድ ሮጦ አገባ። ብሬዲ ሊይዘው ተወርውሮ አፈር ላይ ቀረ። በጉልበቱ ተንበርክኮ ሲያየው የሚያሳየው ምስል አለ። በሦስተኛው ሩብ ፋልከንስ 28 ለ3 መሩ። በሱፐር ቦውል ታሪክ ከ10 ነጥብ በላይ ተመርቶ ያሸነፈ ቡድን እስከዚያ ቀን አልነበረም።

ከዚያ ምን ሆነ? አንድ ታችዳውን ገባ፤ ከታችዳውን በኋላ የሚሰጠውን ቀላል የአንድ ነጥብ ምት ሳቱት። ሳቁባቸው። ሦስት ነጥብ ጨመሩ። ዶንታ ሃይታወር የአትላንታውን ኳርተርባክ መትቶ ኳሱን አስጣለው። ሌላ ታችዳውን፣ ላዩ ላይ በተጨማሪ ሙከራ ሁለት ነጥብ። 28 ለ20 ሆነ። የመጨረሻው ጉዞ ከራሳቸው 9 ያርድ ተነሳ። መሃል ላይ ተከላካይ የነካት ኳስ ወደ ላይ ነጠረች። ጁሊያን ኤደልማን በሦስት ተከላካዮች መሃል ተወርውሮ፣ መሬት ልትነካ አንድ ስንዝር ሲቀራት ያዛት። 57 ሰከንድ ሲቀር 28 እኩል ሆኑ። በሱፐር ቦውል ታሪክ የመጀመሪያው ጭማሪ ሰዓት መጣ። ፓትሪየትስ የሳንቲሙን ዕጣ አሸነፉ። አትላንታ ኳሱን ሳይነካ ጄምስ ዋይት አስገባና 34 ለ28 አለቀ።

ብሬዲ 466 ያርድ ወረወረ። እናቱ በዚያ ዓመት የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ነበሩ፤ ይህን ጨዋታ ግን ስታዲየም ገብተው አይተዋል። ድል ተብሎ ሲጨፈር ደግሞ ማልያው ከመልበሻ ክፍል ተሰረቀ። ከሳምንታት በኋላ ሜክሲኮ ውስጥ ተገኘ። የ2015ቱ ማልያውም አብሮ ነበር።

ከኋላ ተነስቶ ማሸነፉ የብሬዲ ሥራ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። አትላንታ በመጨረሻው ሩብ ኳሱን በሩጫ ይዞ ሰዓት ማቃጠል ሲችል መወርወሩን ቀጠለ። ያ ስህተት ባይሆን ሌላ ታሪክ ነበር የምናወራው።

አጭበርብሯል ይባላል። እውነት ነው?

ይህ የኳሶቹ ነገር ነው። በጥር 2015 ፓትሪየትስ ኢንዲያናፖሊስ ኮልትስን 45 ለ7 ካሸነፉ በኋላ፣ የተጫወቱባቸው ኳሶች አየር ከደንቡ በታች ነው ተባለ። ለስለስ ያለ ኳስ በብርድ ለመያዝ ይቀላል። ሊጉ ያሠራው ምርመራ ብሬዲ ቢያንስ በጥቅሉ ሳያውቅ አልቀረም የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። ስልኩን ማስወገዱም ነገሩን አባሰበት። አራት ጨዋታ ታገደ። ፍርድ ቤት እገዳውን ሻረው፤ ይግባኝ ሰሚው መለሰው። ቅጣቱን በ2016 መጀመሪያ ላይ ፈጸመ። በዚያው የውድድር ዘመን መጨረሻ ያ የ28 ለ3 ጨዋታ መጣ።

እሱ እስከ መጨረሻው አላደረግኩም ብሏል። የፊዚክስ ሰዎች ብርዱ ብቻውን የኳስ አየር እንደሚቀንስ አስረድተዋል። እንደኔ እንደኔ ነገሩ ከመጠን በላይ ተጋነነ። በጨዋታው እረፍት ላይ ኳሶቹ ተነፍተው ነበር፤ ፓትሪየትስ ከዚያ በኋላ 28 ነጥብ አስቆጥረዋል። በ2007 ግን የክለቡ ሠራተኛ የጄትስ አሰልጣኞችን ምልክት ሲቀርጽ ተይዟል። ክለቡም አሰልጣኙም ተቀጥተዋል። ያኛው የማያከራክር ነው።

ሥራው የብሬዲ ነው ወይስ የአሰልጣኙ ቤሊቺክ?

የፓትሪየትስ ደጋፊ በሞላበት ቦስተን ውስጥ ይህን ጥያቄ ካነሳችሁ ቡና ሦስቴ እስኪፈላ አትነሱም። ቢል ቤሊቺክ ስድስተኛ ዙር ላይ መርጦታል፤ መከላከሉንም የገነባው እሱ ነው። በ2002 ያሸነፉት በዋናነት በመከላከል ነው። በመጋቢት 2020 ተለያዩ። ብሬዲ የሄደበት ታምፓ ቤይ ከ2007 ወዲህ ጥሎ ማለፍ አልገባም ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ፣ በ43 ዓመቱ፣ ካንሳስ ሲቲን 31 ለ9 አሸንፎ ዋንጫ አነሳ። ፓትሪየትስ በዚያው ዓመት 7 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። ሚዛኑ ወደ ተጫዋቹ ያደላል።

እስከ 45 ዓመቱ እንዴት ተጫወተ?

በ2008 የውድድሩ መጀመሪያ ጨዋታ ላይ ጉልበቱ ተበጥሶ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጧል። ከዚያ ወዲህ አካሉን እንደ ሥራ ያዘው። አሌክስ ገሬሮ ከሚባል አሰልጣኙ ጋር ጡንቻን የማለስለስ ልምምድ ላይ አተኮረ። በጊዜ ይተኛል፣ ውሃ በገፍ ይጠጣል። ነጭ ስኳርና ነጭ ዱቄት የለም። ቲማቲምና ቃሪያም ቀርቷል። ቡና ቀምሶ እንደማያውቅ ተናግሯል። ይሄ ለኛ ሰው ትንሽ ይከብዳል።

ሁሉም ሳይንስ አይደለም። ውሃ መጠጣት ቆዳን ከፀሐይ ቃጠሎ ይከላከላል ብሎ ጽፎ የሳቁበት ሐኪሞች ብዙ ናቸው። ኳስ ቶሎ መልቀቁም ረድቶታል። ያልተመታ አካል ይቆያል።

ትዳሩስ?

ከብራዚላዊቷ ሞዴል ጂዜል ቡንድሸን ጋር በ2009 ተጋቡ፣ በጥቅምት 2022 ተፋቱ። ሁለት ልጆች አሏቸው። ከዚያ በፊት ከተዋናይቷ ብሪጅት ሞይናሃን የወለደው የበኩር ልጅ አለው።

ጡረታ ወጥቶ ለምን ተመለሰ?

የካቲት 1 ቀን 2022 በቃኝ አለ። በ40 ቀኑ ተመለሰ። በመሃል አንድ ሰው ጉድ ሆኗል። የብሬዲ የመጨረሻ ታችዳውን የተባለው ኳስ በጨረታ ከ518 ሺህ ዶላር በላይ ተሸጠ። በማግስቱ ብሬዲ እመለሳለሁ አለ። ኳሱ የመጨረሻው መሆኑ ቀረ። ደግነቱ ሽያጩ በኋላ ተሰረዘ።

ያ የተመለሰበት ዓመት አላማረለትም። ቡድኑ 8 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ልክ በዓመቱ፣ የካቲት 1 ቀን 2023፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ሆኖ በስልኩ ራሱን ቀርጾ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰናበተ። በመደበኛ ውድድር 89,214 ያርድ፣ 649 ታችዳውን፣ 251 ድል። ሦስቱም በወቅቱ የሊጉ ክብረ ወሰን ነበሩ።

የካንሳስ ሲቲው ኳርተርባክ ፓትሪክ ማሆምስ ይበልጠዋል?

በተሰጥኦ ምናልባት። ማሆምስ እየሮጠ፣ ወደ ኋላ እየወደቀ የሚወረውረውን ብሬዲ አይሞክረውም ነበር። እስከ 2025 ድረስ ሦስት ሱፐር ቦውል አሸንፏል። ሁለቱ በጥሎ ማለፍ ሁለቴ ተገናኝተው ሁለቱንም ያሸነፈው ብሬዲ ነው፤ በጥር 2019 በጭማሪ ሰዓት፣ በ2021 በፍጻሜው። ማሆምስ ገና ወጣት ነው። ክርክሩ ይቆየን።

አሁን ምን ይሠራል? ተመልሶ ይጫወት ይሆን?

ከ2024 ጀምሮ በፎክስ ቴሌቪዥን የጨዋታ ተንታኝ ነው። መጀመሪያ ላይ ድምፁ ይርበተበት ነበር፤ እያደር ተሻሽሏል። በዚያው ዓመት የላስ ቬጋስ ሬይደርስ ባለድርሻ ሆነ። አዎ፣ ያኔ ኦክላንድ የነበረው፣ በበረዶው ቀን ያቃጠላቸው ክለብ። የአንድ ክለብ ባለቤት ሆኖ የሌሎችን ጨዋታ መተንተኑ ብዙ ሰው አልወደደለትም፤ ቅሬታው ትክክል ይመስለኛል። በ2023 ደግሞ በእንግሊዙ በርሚንግሃም ሲቲ ውስጥ አነስተኛ ድርሻ ገዛ። ክለቡ በመጀመሪያው ዓመት ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ። በቀጣዩ በ111 ነጥብ ተመልሶ አደገ።

ፓትሪየትስ የ12 ቁጥር ማልያውን በሰኔ 2024 ሰቅለውለታል። በኦሃዮ ካንተን ወዳለው የፉትቦል የክብር አዳራሽ ለመግባት ተጫዋች ካቆመ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። የሱ ተራ በ2028 ይደርሳል። መመለሱን ግን ተዉት፤ የክለብ ባለድርሻ ሆኖ መጫወት በሊጉ ደንብ በቀላሉ የሚሆን አይደለም።